ውሻ አዝሎ ዳገት

እኛ የጎንደር ቀሐ ሰዎች ዳገት የምንወጣው ምክንያት ሲኖረን ነው። ጊደር ጠፍታ፣ ስለት ደርሶ፣ ለቅሶ ተጠርተን፣ ወይም የዳኛ ሰው መጣ ተብሎ። በጣሊያን ጊዜ ጫካ የገቡት አባቶቻችንም ተራራ ላይ የከረሙት አየር ለመቀየር አልነበረም። ነገሥታቱማ ጭራሽ ተራራውን እስር ቤት ነው ያደረጉት። ከፋሲል ዘመን ጀምሮ ከንጉሥ ዘር ተወልዶ አልጋ ይመኝ ይሆናል ተብሎ የተፈራ ወንድ ሁሉ ወህኒ አምባ ይወጣ ነበር፤ ይወጣ ነበር ስል፣ ተይዞ። በ1713 ዓ.ም. የነገሡት በካፋ እንኳ የዚያ አምባ እስረኛ ነበሩ። እንግዲህ በጎንደር ሥርዓት መውጣት ቅጣት፣ መውረድ ሹመት ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ግን ቅጣቱን በገንዘባቸው የሚገዙ ልጆች አፈራን። ለዚያውም ብቻቸውን አይቀጡም፤ ውሻ ያስከትላሉ። ውሻው ሲደክመው ደግሞ ሽማግሌ ያስከትላሉ።

የልጅ ልጄ ያደገችው ዴንቨር ነው። በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት መጣች። መኪናው ደጃፋችን ቆሞ ስትወርድ ደረቷ ላይ የሕፃን ማዘያ የሚመስል ነገር አንጠልጥላለች። ባለቤቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች። እኔ መጀመሪያ ደነገጥሁ፤ ሳታገባ? አልሁ በልቤ። ቀጥሎ ግን፣ ምናለ፣ ዘመኑ ነው፣ ቅድመ አያት ከሆንሁ ሆንሁ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ከማዘያው ውስጥ እርጥብ አፍንጫ ብቅ ብሎ እጄን ላሰኝ።

«ስሟ ቡና ነው፣ አባባ» አለች።

ይህን ስም ያወጣ ሰው ጎንደር ኖሮ አያውቅም። ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆማ ጎረቤቶቿን «ቡና ጠጡ!» ስትል ቀድማ የምትደርሰው ውሻዋ ሆነች። እኔ ደግሞ ውሻዋ በአጥር ሾልካ ባመለጠች ቁጥር መንገድ መሐል ቆሜ «ቡና! ቡና!» ብዬ ስጮኽ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከየቤቱ የሚወጡትን ሴቶች አትጠይቁኝ። አንደኛዋ፣ «ምነው፣ ዛሬስ ጠሪው አንቱ ሆኑ እንዴ?» አለችኝ። ጠርቻለሁና ምን ልበል? ፈንዲሻው፣ ከሰሉ፣ ስኳሩ ከእኔ ኪስ ወጣ።

ክብደቷ አራት ኪሎ ነው ተባልሁ። ሥልጣኗም የአራት ኪሎ መሆኑን ቆይቼ ነው የተረዳሁት። የዝናብ ካፖርት አላት፣ ብርቱካንማ። ድንጋይ መዳፏን እንዳይልጠው ጫማ አላት፤ አራት ነውና እኔ በሁለት ዓመት ከምገዛው ይበልጣል። ታጥፎ ኪስ የሚገባ የውሃ ገበታ አላት። ጀርባው ላይ እጀታ የተሰፋበት መታጠቂያ አላት። ከቆዳዋ ሥር ቁጥር የያዘ ቺፕ ተቀብሮላታል፤ የክትባት መዝገቧ ማኅተም በማኅተም ነው። የእኔ የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው ካለፈ ሰንብቷል። ልጅቷ እኔን «አንተ» ትለኛለች፤ አንቱታው ባሕር ማዶ ስለቀረ አልፈርድባትም። ውሻዋን ግን «ፕሊስ» እያለች ነው የምትለማመጣት።

ትንሽ ውሻ አይተን አናውቅም አልልም። ጃንሆይ ሉሉ የምትባል አንዲት ፍሬ ውሻ ነበረቻቸው፤ ስትሞትም ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ተቀበረች። አንድ የፖላንድ ጋዜጠኛ፣ ሉሉ የመኳንንቱን ጫማ ስታረጥብ እየተከተለ የሚጠርግ ሰው ነበር ብሎ ጽፏል፤ ብዙ አጋንኗል ብለው የወቀሱት አሉ። እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ጫማ መጥረግ በሜዳ የሚሠራ ሥራ ነው። ጃንሆይ ማንንም ሹም «ሉሉን አዝለህ ዳገት ውጣ» አላሉም።

ልጅቷ ዳገት አብረን እንውጣ ስትለኝ ይህን ብመልስላት ታሪክ አወጣችልኝ። እነሱ ዘንድ፣ ኮሎራዶ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ የሆኑ ተራሮች ከ50 በላይ ናቸው፤ ሰዉ ቅዳሜና እሑድ ውሻውን እያስከተለ ሲወጣቸው ይውላል። ድሮም ቺንገል የምትባል ውሻ ነበረች አለችኝ፤ ጌታዋ ኩሊጅ የሚባል ተራራ ወጪ ነው፣ በአልፕስ ተራሮች ላይ አብራው ዞራ እ.ኤ.አ. በ1875 ሞን ብላን ጫፍ ላይ ወጥታለች። ቀይ ወይንና ቀጠን ያለ ሻይ ትወድ ነበር አሉ። ወይን ከተሰጠኝ እኔም እወጣ ነበር። ለእኔ የቀረበልኝ ኦቾሎኒና ዘቢብ የተደባለቀበት ቆሎ ነው፤ እሱም ለውሻዋ ዘቢብ ስለማይስማማት ተነጥቆ ቦርሳ ገባ።

መጀመሪያ የተሞከርሁት በቅርቡ ዳገት ነው፤ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው፤ ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲመጣ እዚያ አርፏል። ከቀሐ ተነሥቶ መውጣቱ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ወዜን አንጠፍጥፌም ቢሆን ደረስሁ። በሩ ላይ ነው ጉዱ። ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ ሕፃን ያውቀዋል። ልጅቷም ተነግሯት ስለነበር አልተከራከረችም፤ ማሰሪያውን እጄ ላይ ጠምጥማ፣ «መጣሁ አባባ» ብላ ገባች። ምንትዋብን ያህል ሰው ልታይ ገብታ ቶሎ ትወጣ መሰላችሁ?

እኔ፣ በነጭ ጋቢ፣ ከዘራ በአንድ እጅ፣ ብርቱካንማ ካፖርት የለበሰች ውሻ በሌላው፣ በቁስቋም በር። ቅዳሴ ተፈጸመ። ከሦስት ደብር የማውቀው ሰው ሁሉ በዚያ በር የወጣ መሰለኝ። አጎንብሼ እጅ ስነሣ ማሰሪያው እግሬ ላይ ይጠመጠማል፤ ቀና ስል ውሻዋ የባለጸሎቶቹን ቀሚስ ታሸታለች። አንዲት እናት፣ «እንዲህ ያለም በግ አለ?» ብለው አማተቡ። አንድ አብሮ አደጌ ደግሞ ቆም ብሎ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ «ከጡረታ በኋላ ሥራ ማግኘት ደግ ነው» አለኝ። «ደመወዙስ እንዴት ነው?»

ስንመለስ በፋሲል መዋኛ በኩል አለፍን። እዚያ አጠገብ ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው የሚባል ጉልላት አለ። ይህን በመንገሬ አሁንም እቆጫለሁ፤ ልጅቷ እልል አለች። «አየህ አባባ? ጎንደር እኮ ለእንስሳ ክብር አላት!» አልኋት፦ «ልጄ፣ ዞብል ንጉሥ ተሸክሟል። ይህችን ተሸካሚዎቹ እኛ ነን።»

ከዚያ ወዲያ ጎሐ ኮረብታ ሄድን። የዳገቱ ችግር ዳገቱ አይደለም፤ የመንደር ውሻ ነው። የእኛ ውሻ ዘበኛ ነው፤ እንግዳ ውሻ ሲያይ ደግሞ ዘመዶቹን ጠርቶ ነው የሚመጣ። መድኃኒቱን ሁሉም ሐበሻ ያውቀዋል፤ ጎንበስ ማለት ነው። ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ ስትል ውሻው ጅራቱን ቆልፎ ይሄዳል። እኔም ጎንበስ አልሁ። የመንደሩ ውሾች ሸሹ። ቡና ግን የምወረውርላት ነገር ያለኝ መስሏት ፊቴ ቁጭ ብላ ጅራቷን ትወዘውዛለች! ደግሜ ጎንበስ አልሁ፤ ዘለለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጎንበስ የሚልላት ሰው የሚወረውርላት ኳስ ብቻ ነው ማለት ነው። ፍርሃት ያልተማረ ፍጡር ይዞ ገደል መውጣት ምን እንደሚመስል ያኔ ገባኝ።

ኮሶዬ የባሰ መጣ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ዳር ቆመው ቆላውን ቁልቁል ያዩበታል። አባቶቻችን እዚያው መንገድ ዳር ቆመው አይተው፣ ይበቃል ብለው ሄደዋል። የልጅ ልጄ ግን ወደ ገደሉ አፍ የወጣ ዓለት አይታ «እዚያ ላይ» አለች። ጉልበት ለሚያህለው ድንጋይ ቡና ራሷ ትዘላለች፤ ይህን አልክድም፣ መዝለሉን ታውቅበታለች። ከዚያ ለሚበልጠው ልጅቷ በመታጠቂያው እጀታ አንሥታ ታሳልፋታለች። ጥቂት እንደሄድን ዓለቱ በእጅም በእግርም የሚቧጠጥ ሆነ።

«አባባ፣ እዚህ ላይ ሁለት እጅ ያስፈልገኛል።»

«እኔስ ስንት ያለኝ መስሎሽ ነው?» አልኋት።

እንዲያም ሆኖ ማዘያው በጋቢዬ ላይ ታሰረ። ልጆቼን ሁሉ ያዘለቻቸው እናታቸው ናት፤ የእኔ ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታዘልበት የታዘለው ውሻ ሆነ። በእጄ ጥጉን እየጨበጥሁ፣ በጉልበቴ እየዳህሁ ስወጣ ከታች በጠባቧ መንገድ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቆሙ።

«አባቴ፣ ምን አዝለው ነው?»

«ቡና።»

«ኧረ ቡናው ይጮኻል!»

«ገና ስላልተቆላ ነው» አልሁ። ከዚያ የተሻለ መልስ ለማሰብ ትንፋሽ አልነበረኝም።

ማዶ ጥጉ ላይ ጭላዳዎች ሳር ይነጫሉ። ከእነሱ በቀር ሳር እየበላ የሚኖር የዝንጀሮ ዘመድ የለም፤ ለሰው ክፉ አይደሉም፣ አጠገባቸው ሰው ቢቀመጥ ቀና እንኳ አይሉም። ቡና ከትከሻዬ በላይ አንድ ጊዜ ስትጮኽ ግን አለቃቸው እኔን አየኝ፤ እሷን አይደለም፣ እኔን። ከዚያ መንጋው ሁሉ ተነሥቶ በገደሉ ወረደ። በዕድሜዬ ማንንም አስፈራርቼ አላውቅም፤ ተማሪ ካልሆነ በቀር። ከላይ ደግሞ ንስር ይዞራል። ንስር ሽኮኮ ይወዳል፤ የሽኮኮ መጠን ያለው ነገር ደግሞ በዚያ ሰዓት በዚያ ገደል ላይ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ጀርባዬ ላይ። ከዘራዬን ወደ ሰማይ አንሥቼ ነው የጨረስሁት።

ይህን ሁሉ የታገሥሁት ስለ ስሜን ተራሮች ብዬ ነው። ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ራስ ደጀንን በጠመኔ ስንት ጊዜ ሣልሁት፣ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ልጅቷ፣ «እስከ ቼነክ መኪና ይሄዳል፣ አንተም ታያለህ» ስትለኝ ዳቦ ቆሎ አስቆልቼ፣ ሁለተኛ ጋቢ ጨምሬ ደባርቅ ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ1841 ፌሬና ጋሊኒየ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ዳሸንን፣ ያው ራስ ደጀንን፣ ወጡ ተብሎ በመጽሐፍ ተመዝግቦላቸዋል፤ ያን ጊዜ ፍየል ሲጠብቅ የነበረውን የስሜን ልጅ ማን ይመዝግበው። እኔ መመዝገቡንም አልፈለግሁ፤ ማየት ብቻ።

የስሜን ፓርክ ፈቃድ የሚሰጥበት ቦታ ስንደርስ አንድ ጠብመንጃ ያነገተ ስካውት ሮጦ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ።

«ቲቸር! አላስታወሱኝም? ራስ ደጀን ስንት ሜትር ነው ብለውኝ 4,260 ብዬ ያንበረከኩኝ!»

«አስታወስሁህ። አሁንስ ያዝኸው?»

«4,533 ነው፣ ቲቸር።»

«4,620 ነው!» አልሁ፤ ከዘራዬም መሬቱን መታው።

«እሱ የድሮው ነው። እንደገና ተለካ። 4,550 የሚሉም አሉ።»

እስቲ ይታያችሁ። መጽሐፉ 4,620 ያለውን እኔ 4,620 ብዬ ስንቱን ልጅ ከክፍል አስወጣሁበት። በዚህ አገር ጤፉ ሲጨምር፣ ኪራዩ ሲጨምር፣ በርበሬው ሲጨምር፣ የቀነሰው ዳሸን ብቻ!

ይህን ገና ሳልውጠው ስካውቱ ዓይኑ ማዘያው ላይ ዐረፈ። ፊቱ ተለወጠ፤ አክባሪነቱ ሳይጎድል፣ «ውሻ ፓርክ አይገባም» አለ። ልጅቷ የቡናን መዝገብ ዘረጋች፣ ማኅተሙን አሳየች፣ ቺፑን አስነካች። ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ተቀምጦ አስረዳን፤ እንዴት አድርጎ እንዳስረዳ ብታዩ፣ እኔ ያስተማርሁት መሆኑ ያኮራል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ሁሉም ተደምሮ ጥቂት መቶ ነው፣ ከባሌ ቀጥሎ ጥቂቶቹ እዚህ ስሜን ናቸው። የሚጨርሳቸው ጥይት ሳይሆን የውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። የእብድ ውሻው በክትባት ቢቆም እንኳ ሌላ የውሻ ወረርሽኝ አለ፤ ከዚያ ሁሉ ቢተርፍ ደግሞ ማሳደዱ አለ። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መሐል አይጥ እያደነ ሲዞር ጭላዳው ዝም ይለዋል፤ ውሻ ሲያይ ግን ይበረግጋል። ለዚህ እኔ ከኮሶዬ ምስክር ነኝ ብዬ ልናገር ከጅሎኝ ነበር።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከለለ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በ1996 ለአደጋ የተጋለጡት መዝገብ ውስጥ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ለፍተው ያወጡትን፣ በአንዲት ቡና ምክንያት ልንመልሰው ነው? ከስካውቱ ጋር ቆምሁ። በልጅነቴ ያበደ ውሻ የነከሰው ጎረቤታችን ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ አይቻለሁ፤ ልጁ ትክክል ነው አልሁ፣ ጮክ ብዬ።

ጮክ ብዬ ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና፣ «እንግዲያው አንድ ሰው ከእሷ ጋር መቅረት አለበት» አለች። ሁለቱም አዩኝ።

እሷ ሳንቃበርን፣ ግጭን፣ ቼነክን ስታይ እኔ ደባርቅ ሆቴል ውስጥ ነበርሁ። አልጋ ያዘጋጀችልን ልጅ «ውሻው ለብቻ ይከፈልበታል» አለች፤ መክፈል የነበረባትስ ውሻዋ ናት፣ የምጠብቃት እኔ ነኝና። ሌሊት የስሜን ብርድ ሲገባ ከሁለታችን ካፖርት ያላት ቡና ብቻ ናት። ጠዋት ገበያ ሳወጣት ሕፃናት ተሰልፈው ተከተሉን፤ አንድ ነጋዴ በእህል ልለውጥህ አለኝ፣ ዋጋውን ሳልጠይቅ ማለፌን ባለቤቴ እስከ ዛሬ አታምንም። ለቡና የምነግራት ሁሉ አማርኛ ስለሆነ አትሰማኝም። «ቁጭ በይ» ስላት ትነሣለች። «ሲት» ለማለት ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜ፣ በደባርቅ አደባባይ፣ አፌ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ አልሁት። እሷም ሰማች። እዚያ የነበሩት ሹፌሮች አጨበጨቡልኝ።

ልጅቷ ፊቷ በፀሐይ ተልጦ ተመለሰች። ዋልያ አሳየችኝ፣ በስልኳ። ጅባራ አሳየችኝ፣ በስልኳ። ዳሸንን ከሩቅ አሳየችኝ፤ ጣቴን ሳስጠጋ ተገለበጠና ውሻዋ ፎቶ ላይ ደረሰ።

ዘንድሮ ደግሞ ደውላ ነበር። መንገዱ ሰላም ሲሆን መጥታ ዳሸን ጫፍ እወጣለሁ ትላለች፤ ቡናንም ይዛ ነው። የሚያሳስባት የእኔ ጉልበት አይደለም፣ የውሻዋ ወረቀት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካ ለሚገባ ውሻ ሁሉ ቺፕና የተሞላ ቅጽ ይጠየቃል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ካለበት አገር ለሚመለስማ ሳይወጣ ከዚያው ክትባቱ የተረጋገጠ መሆን አለበት። አንድ ሰዓት ሙሉ ይህን ስትነግረኝ ሰማኋት።

ይምጡ አልሁ። ደባርቅ ላይ ግን ተረኛዋ እሷ ናት። ቡናዋን ይዛ ሆቴል ትቀመጣለች፣ ሒሳቡንም ትከፍላለች። እኔ እስከ ቼነክ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ እሄዳለሁ። ያ ተማሪዬ ሜትሩን ይዞ ከፊት ከፊቴ ይወጣል። ከ4,620 አንዲት ሜትር ቢያጎድል እዚያው ጫፉ ላይ አንበረክከዋለሁ።